አደይ አበባን ከዘመዶቹ ስለ መለየትና በግቢ ስለ ማብቀል

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በየዓመቱ ስለምናየው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን ስለምንለው፣ ነገር ግን ጥቂቶቻችን ብቻ ቀርበን ስለመረመርነው ስለ አደይ አበባ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመስከረም ወር በገባ በሳምንቱ፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ጉዳዬን ለማስፈጸም ከገባሁበት መሥሪያ ቤት አንድ ጸሐፊ ከመንገድ ዳር የገዛውን እቅፍ ሙሉ ቢጫ አበባ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ አድርጎ በመዝገቦቹ መካከል አስቀምጦት አየሁ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው አበባውን አየት አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ተታለሃል፤ ይህ አደይ አይደለም፤ መጭ ነው» አለው። ሦስተኛው ደግሞ ከወዲያ ማዶ ቀና ብሎ፣ «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይህ ኑግ ነው» ሲል ፈረደ። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ የባለጉዳዮች ወረፋ እስኪቆም ደረሰ።

ከባለጉዳዮቹ መካከል ከፈረስ ቤት የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ አበባውን እያያችሁ ስለ ምን ትከራከራላችሁ? አበባውማ ሁሉም ቢጫ ነው። ቅጠሉን እዩት እንጂ» አሉ። ከብርጭቆውም ውስጥ ግንዶቹን አንድ በአንድ እያወጡ በሁለት ከፈሏቸው። «ይኸው፣ ይህ አደይ ነው፤ ያኛው መጭ ነው። ሁለታችሁም ረትታችኋል። ኑግ ያልኸው ልጄ ግን ተረትተሃል፤ ኑግማ ዘይት ነው፤ ማን ነቅሎ በመንገድ ዳር ይሸጥላችኋል?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ከዚያ በኋላ ግን ፊታቸው ጠቆር አለ። ከአደዩ ግንድ ጫፍ ላይ የቀረውን ሥር በጣታቸው እያሳዩ፣ «ከነሥሩ ነው የነቀሉት። አደይ የአንድ ክረምት ልጅ ነው። ዘሩን ሳያፈስ ከተነቀለ ለከርሞ በዚያ ቦታ አይገኝም» አሉ።

ክቡራን ሆይ፤ እኒህ ሽማግሌ በዚያች ጧት ሁለት ትምህርት ሰጥተውን ሄዱ። አንደኛው፣ አደይን ከሚመስሉት ዘመዶቹ እንዴት መለየት እንደሚቻል ነው። ሁለተኛው፣ አደይ ከዓመት ዓመት እንዲመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። እኔም በዛሬው ንግግሬ ሁለቱን በየተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አደይ ከየትኛው ወገን እንደ ተወለደ እንመልከት። የዕፅዋት ሊቃውንት ምድርን ያለበሱትን ዕፅዋት በቤተሰብ በቤተሰብ ከፍለው ያጠናሉ። አደይ፣ ኑግና መጭ የአስተር ቤተሰብ ከሚባለው ወገን ናቸው። አስተር በግሪክ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ካሉት የአበባ ዕፅዋት ቤተሰቦች እጅግ ሰፊ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ከ20,000 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉት። በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኙት ብቻ ከ400 ይበልጣሉ። በየቤታችን የምናውቃቸው ግራዋ፣ አሪቲ፣ ቀበሪቾ፣ ሱፍና ሰላጣም ከዚሁ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው።

የዚህ ቤተሰብ አባሎች የሚታወቁበት አንድ አስደናቂ ነገር አለ። እኛ አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ማኅበር ነው። አንዲት አደይ ወስዳችሁ በጥፍራችሁ ከመካከሏ ብትከፍሏት፣ መካከሉን የሞሉት እንደ ቀጭን ቱቦ የሆኑ ብዙ አበቦች መሆናቸውን ታያላችሁ። ከዳር እንደ ምላስ የተዘረጉት ቢጫዎቹም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። ስለዚህም ሊቃውንቱ ቀድሞ ቤተሰቡን «ኮምፖዚቴ» ብለው ጠርተውት ነበር፤ ትርጓሜውም የተጠናቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ሦስቱ ዘመዳሞች የሚያደናግሩን ስለዚህ ነው። ሦስቱም ቢጫ ናቸው፤ ሦስቱም ክረምቱ ሲወጣ ያብባሉ፤ ሦስቱም ዙሪያቸውን ቢጫ ምላስ የዘረጉ ናቸው። ሽማግሌው እንዳሉት ግን ከአበባው ዝቅ ብሎ ለሚመለከት ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው።

አንደኛው ምልክት ቅጠል ነው። የአደይ ቅጠል ወደ ውስጥ ጠልቆ የተከፋፈለ ነው፤ ቅርንጫፍ ያወጣ ይመስላል። የኑግና የመጭ ቅጠል ግን ያልተከፋፈለ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው። ያለ እግር ከግንዱ ጋር ተጣብቆ፣ ግንዱንም በሥሩ አቅፎ ይታያል። የተከፋፈለ ቅጠል ያለው አደይ፣ ወጥ ቅጠል ያለው ኑግ ወይም መጭ መሆኑን የያዘ ሰው ከክርክሩ እኩሌታውን ረቷል።

ሁለተኛው ምልክት ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ ጽዋ ነው። አበባውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በኑግ ሥር አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ክብ ሠርተው አበባውን ይዘውት ታያላችሁ። በአደይ ሥር ግን ሁለት ረድፍ አለ፤ የውጭው ረድፍ ቀጫጭንና አረንጓዴ ሲሆን፣ የውስጡ ሰፋ ያለ፣ ስስና ወደ ቡናማ ያዘነበለ ነው።

ሦስተኛውና ፈጽሞ የማያሳስተው ምልክት ዘር ነው። የኑግ ዘር ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና ለስላሳ ነው፤ ክንፍም ጥርስም የለውም። የመጭም ዘር እንደዚያው ሲሆን በመጠን ያንሳል። የአደይ ዘር ግን ጠፍጣፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ የአደይን ወገን «ቢደንስ» ብሎ ሰይሞታል፤ ትርጓሜውም ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣው በዘሩ ጫፍ ከሚታዩት ሁለት ሹል ጥርሶች ነው። በመስክ ስንሄድ ልብሳችንን የሚይዘው፣ በብዙ ስፍራ የሰይጣን መርፌ የሚባለው አረምም የዚሁ ወገን ነው። አደይ ተብለው ከሚጠሩት መካከል ዋነኛው በሳይንስ ስሙ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ይባላል። ሁለተኛው ቃል ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው፤ የዘሩ ዳርና ዳር እንደ ክንፍ ሰፍቶ ይታያልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሕዝባችን አደይ የሚለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ተቀራራቢ የሆኑ ጥቂት ዝርያዎች በዚህ በአንድ ስም ይጠራሉ። እነርሱን አንድ በአንድ ለይቶ የጻፈልን ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ነው። በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስላሉት የቢደንስ ዝርያዎች ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1984 ታትሟል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ዕፅዋት ላይ ከተዘጋጁት ቅጾችም የአስተርን ቤተሰብ የያዘውን ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውን፣ የጻፈው እርሱ ነው። የራሳችን አበባ በራሳችን ሰው ተመርምሮ በዓለም መዝገብ መግባቱ ሊያኮራን ይገባል።

አሁን ደግሞ ኑግንና መጭን እርስ በርሳቸው እንለይ። የሁለቱን ወገን እ.ኤ.አ. በ1829 ፈረንሳዊው ካሲኒ «ጊዞሺያ» ብሎ የሰየመው የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው በነበረው በፍራንሷ ጊዞ ስም ነው። ኑግ በገበሬ እጅ የሚዘራ የቅባት እህል ነው፤ ራሱ ሰፊ፣ ዘሩም ትልቅ ነው። መጭ ሳይዘሩት የሚበቅል ሲሆን ራሱ ያንሳል፤ የሊቃውንቱም ስም «ስካብራ»፣ ማለት ሻካራ፣ ይለዋል። በእርግጥም ግንዱንና ቅጠሉን በእጃችሁ ብትደባብሱት ሻካራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በኑግ እርሻ ውስጥ መጭ በበቀለ ጊዜ ሁለቱ በልጅነታቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ገበሬው አርሞ ለመጨረስ ብዙ ይደክማል። ዘራቸውም በአውድማ ከተቀላቀለ በኋላ ለመለየት ያስቸግራል።

ኑግ ለጎጃም ምን እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ቀባሪን ማርዳት ይሆንብኛል። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚያልፍ መንገደኛ፣ ማሳው ከአድማስ እስከ አድማስ ቢጫ ሆኖ ሲያየው አደይ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ኑግ ነው። ከዘሩ ክብደት ከመቶ ከ30 እስከ 50 የሚደርሰው ዘይት ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። ከዚህ አገር ወጥቶ በሕንድ አገር ይዘራል፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ለአእዋፍ ምግብነት ይሸጣል። ኑግ በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላው ግንድ ብናኙን የሚያመጣለት ንብ ነው። ስለዚህም ንቡ ለኑግ፣ ኑግና አደይም ለንቡ ባለውለታ ናቸው። በደጋውና በወይናደጋው አገር ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር የሚሆነው ከእነዚህ ቢጫ አበቦች የተነሣ ነው። በመስከረም በብርጭቆ ያስቀመጥነው አበባ እንግዲህ ከኅዳሩ ማር ላይ የተቀነሰ መሆኑን ማስታወስ ደግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ሽማግሌው ሁለተኛ ቃል እንለፍ። «አደይ የአንድ ክረምት ልጅ ነው» ማለታቸው ምን ማለት ነው?

ዕፅዋት በዕድሜያቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ከሥራቸው እየታደሱ ብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው። ከመጭ ወገን እንዲህ ያለ አለ፤ በበጋ ግንዱ ቢደርቅም ሥሩ ከመሬት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና በዝናብ ጊዜ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። በእርሻ ውስጥ ገበሬውን የሚያስቸግረው ሌላው መጭ ግን ዓመታዊ ነው። ኑግም ዓመታዊ ነው። ዋነኛው አደይም እንደዚሁ በሰኔ ዝናብ በቅሎ፣ ክረምቱን አድጎ፣ በመስከረም አብቦ፣ በጥቅምትና በኅዳር ዘሩን አፍስሶ ይሞታል። ከእርሱ የሚተርፈው ነገር ቢኖር ዘሩ ብቻ ነው። ሥር ያለው ቢቆረጥ ተመልሶ ይመጣል፤ አደይ ግን ዘሩ ሳይበስል ከተነቀለ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

እኛ አደይን የምንነቅለው መቼ ነው? በዘመን መለወጫ ዋዜማና በመስቀል ሰሞን፣ ማለትም ገና ሲያብብ፣ ዘሩም ሳይበስል ነው። ድሮ ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚይዙት ከየደጃፋቸው የቀጠፉትን ጥቂት ነበር፤ ሜዳውም ሰፊ ስለ ነበር የተቀጠፈው ከቀረው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ዛሬ ከተሞቻችን ሰፍተዋል፤ በዳርቻቸው የነበረው ሜዳ ቤትና መንገድ ሆኗል፤ ከዚያ የተረፈውም ታርሷል። በዚያች በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ለገበያ የሚነቅለው ሰው በዝቷል። ሻጩን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ከነሥሩ የተነቀለውን ያለ አንዳች ጥያቄ የምንገዛው እኛ ነንና። በአንዳንድ ቤት እንዲያውም የፕላስቲክ አደይ ከጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ልጆቻችን አደይን በእጅ ስልክ በሚላክ የመልካም ምኞት ሥዕል ብቻ የሚያውቁት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ አበባው ከነሥሩ ያልተነቀለ፣ ከግንዱ በላይ በቢላዋ ወይም በመቀስ የተቆረጠ ይሁን። ከታች የቀሩት ቅርንጫፎች አብበው ዘር ሊሰጡ ይችላሉና። ሁለተኛ፣ በሜዳ የሚቀጥፍ ሰው ከአንድ ቦታ ያለውን ሁሉ ጠርጎ አይውሰድ፤ አብዛኛውን ለዘር ይተው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሳችን ማብቀል ነው። ይህም የአትክልተኛ ደመወዝ ወይም ሰፊ ግቢ አይጠይቅም። ከበር እስከ አጥር ያለች አንዲት ክንድ መሬት ትበቃለች፤ እርሷም ባትኖር ሥሩ የተበሳ አሮጌ ጣሳ ወይም ባልዲ ይበቃል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

በኅዳር ወር፣ አበባው ደርቆ ራሱ ቡናማ ሲሆን፣ የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ከልዩ ልዩ ግንዶች ጥቂት ጥቂት የደረቀ ራስ ሰብስቡ። ከአንድ ግንድ ሁሉን አትውሰዱ። የሰበሰባችሁትን በጥላ ሥር ሁለትና ሦስት ቀን አስጥታችሁ በእጃችሁ እሹት። ዘሩን በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ከእርጥበትና ከአይጥ በራቀ ቦታ አኑሩት። በላስቲክ አትቋጥሩት፤ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታልና። በከረጢቱም ላይ የተሰበሰበበትን ቀንና ቦታ ጻፉበት፤ እኛ የመዝገብ ሰዎች ይህን ለማድረግ አንቸገርም።

በግንቦት መጨረሻ ፀሐይ የሚያገኘውን ቦታ መርጣችሁ መሬቱን ቆፍሩ፤ ጓሉን አድቅቁ፤ ድንጋዩንና ሰርዶውን ልቀሙ። ፍግ አታብዙበት። አደይ በሜዳና በእርሻ ዳር በቅሎ የኖረ ነው፤ እጅግ የሰባ መሬት ቅጠሉን አብዝቶ ግንዱን ያጋድመዋል። የክረምት ውሃ የሚቆምበት ቦታ ከሆነም ትንሽ ቦይ አውጡለት።

ሰኔ ገብቶ መሬቱ በሚገባ ከራሰ በኋላ ዘሩን በተን አድርጋችሁ ዝሩ። ከዘራችሁት ሁሉም አይበቅልምና ጥቂት አጥቅጡት። በላዩ ላይ ከጣት ጥፍር ውፍረት የማይበልጥ አፈር ብቻ አልብሱት፤ ጠልቆ የተቀበረ ዘር ለመውጣት ይቸገራል። ቡቃያው ብቅ ሲል የተከፋፈለውን ቅጠል እያያችሁ ከአረም ለዩት። ከላይ የተማርነው የመለያ ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል፤ ብዙ ሰው አደዩን አረም መስሎት ነቅሎ አረሙን ያሳድጋልና። በሐምሌ ቁመቱ አንድ ስንዝር ገደማ ሲሆን፣ በየስንዝሩ አንድ እየተዋችሁ ትርፉን አሳሱት።

በመስከረም ያብብላችኋል። ለበዓሉ የምትፈልጉትን ያህል በመቀስ ቁረጡ፤ ቢያንስ ግማሹን ግን አትንኩት። በኅዳር ዘሩ ሲበስል ከፊሉን ለጎረቤት ሰብስቡ፤ ከፊሉ በቦታው ይርገፍ። በዚያ ቦታ በበጋ መሬቱን ካልቆፈራችሁትና በድንጋይ ካልነጠፋችሁት፣ የረገፈው ዘር በሚመጣው ሰኔ ያለ ዘሪ ሊበቅል ይችላል።

በየዓመቱ መዝራት የማይመቸው፣ ከሥሩ እየታደሰ የሚያብብ ቢጫ አበባ የሚሻ ሰው ቢኖር ደግሞ፣ ብዙ ዓመት የሚኖረውን መጭ በግቢው ማኖር ይችላል። በዝናብ መግቢያ ላይ ከነሥሩ ጉንድሹ ከፍሎ መትከል፣ በበጋ የደረቀውን ግንድ ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ነው። ሰዎች መጭ አረም ነው ብለው ይንቁታል፤ በአበባ ግን ከማንም አያንስም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ፤ ቤታችሁ ከኑግ ማሳ አጠገብ ከሆነ ይህን አታድርጉ። ለእናንተ ጌጥ የሆነው ለገበሬው ድካም እንዳይሆንበት።

ክቡራትና ክቡራን፤ ወደ ፍኖተ ሰላሙ መሥሪያ ቤት ተመልሼ ንግግሬን ልፈጽም። ሽማግሌው ጉዳያቸውን ጨርሰው ሲወጡ አበባውን የገዛው ጸሐፊ እስከ በር ሸኛቸውና፣ «አባቴ፣ እኔ እኮ አልነቀልሁትም፤ ገዝቼው ነው» አላቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «አውቃለሁ ልጄ። እንግዲያስ ለከርሞ አትግዛው፤ ዝራው» አሉት።

ያ ጸሐፊ በሚቀጥለው ሰኔ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ ከባንዲራው መስቀያ ሥር፣ አንዲት መደብ ቆፍሮ ዘራ። በመስከረም አበበለት፤ ሁለቱ ባልደረቦቹም ከእንግዲህ የሚከራከሩበት ነገር አጡ። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁና በየቤታችሁ ደጃፍ አንዲት መደብ ለዚህ አበባ እንድትለዩለት በትሕትና እለምናችኋለሁ። የደረቀ ራስ የሚሰበሰበው በኅዳር መሆኑን አትርሱ።